ሩማቲክ የልብ ሕመምና ሩጫ፦ የጉልበት ወሰን ጥያቄ ለፎንቆና ለአካባቢው

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የልብ ሕመም ያለበት ሰው መሮጥ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚመለሰው የልብ ደም ሥር መጥበብንና የልብ ጡንቻ ሕመምን በመረመሩ የውጭ ጥናቶች ነው። ይህ የጽሑፍ ዳሰሳ፣ ሩማቲክ የቫልቭ ጉዳት ወጣቶችን በሚያጠቃበት አካባቢ መለኪያው የቫልቩ ጥበትና የዕለት ሥራው ክብደት ሊሆን እንደሚገባ ይከራከራል።

1. መግቢያ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 በማራቶንና በግማሽ ማራቶን ከተሳተፉ 10.9 ሚሊዮን ሯጮች መካከል በውድድር ላይ ልባቸው በድንገት የቆመው 59 እንደነበሩ በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በ2009 ውጤቱ የቀረበውና ኤች ኤፍ አክሽን የተባለው ሙከራም 2,331 የልብ ድካም ሕመምተኞችን መርምሮ፣ በክትትል የሚደረግ የአካል እንቅስቃሴ ለእነርሱ አስተማማኝ መሆኑን አረጋግጧል። ሁለቱም አበረታች ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሯጮችን በጅምላ፣ ሁለተኛው የመጭመቅ አቅሙ የቀነሰ ልብን ይመለከታሉ። ስለ ጠበበ ቫልቭ የሚነግሩን ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች ከ2010 እስከ 2012 የተመዘገቡ 3,343 ሩማቲክ የልብ ሕመምተኞች አማካይ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ሲሆን፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የሩጫ ጥያቄ በአመዛኙ የተማሪ፣ የወጣት ገበሬና የወጣት እናት ጥያቄ ነው።

2. የጠበበ ቫልቭ በጉልበት ጊዜ

በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ሚትራል ቫልቭ በጤናማ ጎልማሳ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ይከፈታል። ስፋቱ ወደ 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ጥበቱ ክሊኒካዊ ክብደት ያገኛል። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ እያንዳንዱ ምት 1 ሰከንድ ይወስዳል፤ 150 ሲደርስ 0.4 ሰከንድ ብቻ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ይበልጥ የሚያጥረው ልብ ደም የሚሞላበት ክፍለ ጊዜ ነው። በጠበበው በር የሚያልፈው ደም ፍሰቱ በእጥፍ ሲጨምር፣ በሩን ለማለፍ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት አራት እጥፍ ይሆናል። ግፊቱም ወደ ሳንባ ተመልሶ የትንፋሽ እጥረትን፣ በከባድ ሁኔታ ደግሞ የሳንባ ውኃ መቋጠርን ያስከትላል። በዕረፍት ጊዜ ደኅና የሚመስል ሰው በዳገት ላይ የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ሩጫና የዕለት ሥራ

ፎንቆ በሐድያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደ ሆሳዕና ሁሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ነዋሪው ከፍታውን ቢለምደውም፣ የጠበበ ቫልቭ ያለው ሰው የመጠባበቂያ አቅሙ ውስን ነው።

የጉልበትን ክብደት ለማነጻጸር በ2011 የተሻሻለው የአካላዊ እንቅስቃሴዎች የኃይል ፍጆታ ማውጫ ይጠቅማል። በማውጫው መሠረት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር መሮጥ በዕረፍት ጊዜ ከሚፈጀው ኃይል 8.3 እጥፍ ይጠይቃል፤ ከ19 ኪሎ ግራም በላይ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ደግሞ 9 እጥፍ። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከዚህ ክብደት በላይ ነው። እንግዲህ «አትሩጪ» የተባለች ወጣት ከምንጭ ውኃ ተሸክማ ዳገቱን ከወጣች፣ የተከለከለችውን ያህል ጉልበት አውጥታለች። እንሰት መፋቅና ማገዶ መሸከምም በዚሁ ሚዛን ሊታዩ ይገባል። በአንጻሩ ቫልቩ በጥቂቱ ብቻ የተጎዳ ተማሪን ያለ ምርመራ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ጤናማ እንቅስቃሴን ይነሣዋል፤ ከእኩዮቹም ይለየዋል።

4. ለአሠራር የሚጠቅሙ ነጥቦች

የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር በ2020 ያወጣው መመሪያ፣ ጥበቱ ቀላል ሆኖ የጉልበት ምርመራ ውጤቱ ደኅና ለሆነ ሰው የመዝናኛ ስፖርትን ይፈቅዳል፤ ጥበቱ ከባድ ለሆነበት ግን መካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴን አይመክርም። ከዚህ በመነሣት፦

ሀ) ከምክር በፊት የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ ይቅደም። የጤና ጣቢያ ባለሙያ የልብ ድምፅ ለውጥ ሲሰማ ምርመራው ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይላክ።

ለ) በሥራ ወይም በሩጫ ጊዜ ራስን መሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ያልተስተካከለ የልብ ምት ወይም ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል ከታየ ከባድ እንቅስቃሴ ቆሞ አስቸኳይ ምርመራ ይደረግ።

ሐ) የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መውደቅና መጋጨት ካለበት ስፖርት ይራቅ።

መ) በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ አይቋረጥ፤ ቫልቩን ይበልጥ የሚጎዳው የሕመሙ ማገርሸት ነውና።

ሠ) የታካሚው የሕመም ታሪክ ሲጠየቅ «ትሮጣለህን?» ከሚለው ጋር «ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ማን ይሸከማል?» የሚለው ይጨመር። ሸክሙን መከፋፈል ወይም በአህያ ማስጫን ከሕክምናው ምክር የሚቆጠር ነው።

5. መደምደሚያ

ለልብ ሕመምተኛ ሩጫ በጥቅሉ አይፈቀድም፣ በጥቅሉም አይከለከልም። በጥበቱ መጠን የተመዘነ ምክር አንዱን ወደ ሜዳ ሲመልስ፣ ሌላይቱን ከጀሪካኑ ሸክም ያሳርፋል። በፎንቆና በመሰል ከተሞች የዕለት ሥራ የሚጠይቀውን ጉልበት በታካሚዎች ላይ በቀጥታ መለካት ለተመራቂ ተማሪዎች ክፍት የሆነ የምርምር መስክ ነው።