የሞተር መጋዝ ጉልበት ለምትጨምሩ ሁሉ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ የሞተር መጋዝ ፈትታችሁ ለምታድሱ መካኒኮችና ባሕር ዛፍ እየጣላችሁ ለምትኖሩ ቆራጮች ነው። ዛፉን ለመቁረጥ ፈቃድ ከሌላችሁ ግን ቀሪውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም፤ የጎደላችሁ የሞተር ጉልበት አይደለም።

ሞተሩ የሞተበትን ምክንያት ሳታውቁ አዲስ ፒስቶን አትግዙ። ማርሚታውን ፍቱና በጭስ መውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ፒስቶኑ በዚያ በኩል ከተቧጨረ ብዙ ጊዜ ነዳጅ አንሶት ግሏል ማለት ነው፤ በካርቡራተሩ በኩል ከተፋቀ አቧራ አልፏልና ፊልትሮው ይመርመር። ነዳጅ የሚያሳንሰው ደግሞ በአብዛኛው የተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ ወይም የደረቀ የክራንክ ሻፍት ጎማ ነው። ይህን ሳይጠግኑ ፒስቶን የሚቀይሩ ሰዎች አዲሱንም እዚያው ያቃጥሉታል።

ሲሊንደሩን ወደ ሬክቲፊካ አትውሰዱ። የመኪና ሲሊንደር ይሰፋል፤ የአብዛኛው ዘመናዊ መጋዝ ሲሊንደር ግን ውስጡ በስስ ጠንካራ ሽፋን የተለበጠ አሉሚኒየም ስለሆነ ሽፋኑ ከተፋቀ አለቀለት። አዲስ ፒስቶን ስትገጥሙ ቀስቱ ወደ ጭስ መውጫው ይዙር። ያረጀውን የፒን ማያዣ ቀለበት መልሳችሁ አትክተቱ።

ጓርኒሲዮን አውጥቶ እመቃ መጨመር የታወቀ ዘዴ ነው፤ ይሠራልም። ሳይለካ ግን አይደረግም። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ለስላሳ ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብታችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። የተጨፈለቀው ጫፍ ከ0.5 ሚሊሜትር ከቀጠነ ጓርኒሲዮኑን መልሱት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ሲግልና ሲፈጥን ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ሊመታው ይችላል።

በአገራችን ከሁሉም የሚከፋው ስሕተት የከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፤ መጋዙ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ባለቤቱ ሞተሩ ደከመ ብሎ ይመጣል፤ መካኒኩ በካርቡራተሩ ላይ ኤች የተጻፈባትን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ወደ ቀኝ ያጠብቃል፣ መጋዙም ይነቃል። ጉልበት ጨመርኩ ተብሎ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የቀረው ጉልበት በማጥበቅ አይመለስም፤ አየሩ የለማ! አደጋው የሚመጣው ያ መጋዝ ተጭኖ ጋምቤላ፣ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሲወርድ ነው። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሳል። መጋዙ እያፏጨ ለጊዜው ሲሮጥ ደስ ያሰኛል፤ ከዚያ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ስለዚህ ማስተካከያው ሥራው ባለበት ቦታ ይደረግ። ያለ እንጨት ምላጩን እስከ መጨረሻ ስትስቡት ድምፁ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ሲነክስ ይጠራል። ሳይንተባተብ የሚያፏጭ ከሆነ ብሎኗን ወደ ግራ አላሉ።

ማርሚታ የምትበሱ ከሆነ ካርቡራተሩን ዳግመኛ ሳታስተካክሉ ሥራ አትጀምሩ። የብልጭታ መያዣ መረቧንም አትጣሏት፤ በበጋ በደረቀ ቅጠል ላይ የምትወድቅ አንዲት ብልጭታ የጎረቤትን ደን ታቃጥላለች። ቀዳዳው ሲሰፋ ድምፁም ይጨምራል፤ ጆሯችሁን ሸፍኑ፣ ሰፈር አጠገብ በማለዳ አታስነሱ።

ዘይት በዓይን አትቀላቅሉ። ለጥሩ ባለሁለት ምት ዘይት አንድ ለሃምሳ፣ ማለትም በሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር ነው። ከመኪና የወረደ የተቃጠለ ዘይት በነዳጁም በሰንሰለቱም ላይ አይግባ፤ ሰንሰለቱ የሚረጨው ዘይት የሚያርፈው መሬት ላይ ነውና በተለይ ምንጭ አጠገብ ተጠንቀቁ።

ሞተሩ ሲበረታ ሰንሰለቱ ይፈጥናል፤ የባሩ ጫፍ ወደ ፊታችሁ ሲዘል ለማምለጥ ያላችሁ ጊዜ ያንሳል። የሰንሰለቱን ፍሬን ያስቸግራል ብሎ የሚፈታ መካኒክ ካጋጠማችሁ መጋዛችሁን ይዛችሁ ውጡ። እንደ ስቲል 070 ያለውን፣ ከጥንቱ ፍሬን የሌለውን ትልቅ መጋዝ ደግሞ ጨርሶ አታፍጥኑት። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በደንብ የተሞረደ ሰንሰለት ከማንኛውም የተበሳ ማርሚታ ይበልጣል።

የነካካችሁትን መጋዝ ስትሸጡ ለገዢው ሁሉንም ንገሩት፦ ጓርኒሲዮን ወጥቶ እንደሆነ፣ ማርሚታው ተበስቶ እንደሆነ፣ ዘይቱ በስንት እንደሚቀላቀል፣ ካርቡራተሩ በየትኛው አገር አየር እንደተስተካከለ። በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ መጋዙን ነገ የሚይዘው ምናልባት ቀን ሠራተኛው ነው።