ትሮትሉን ከማስፋትህ በፊት

ልጄ፣ የኮሮላህን ሞተር ለማበርታት ከሶማሌ ተራ ሰፋ ያለ ትሮትል ቦዲ ገዝተህ ልታስገጥም እንዳሰብክ ሰማሁ። አልከለክልህም። በወጉ ከተሠራ እጅን የሚያፍታታ ሥራ ነው። ብቻ በአንተ ዕድሜ ያለ መካኒክ ሁሉ የሚያስበው ትሮትሉ ምን ያህል እንደሚከፈት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ በደንብ መዘጋቱ ነው።

1. ሳትለካ አትግዛ። የመኪናህ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር 1587 ሲሲ ነው። ባለአራት ምት ሞተር ሙሉ መጠኑን የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ፣ በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር ቢበዛ በሴኮንድ 79 ሊትር ገደማ አየር ይወስዳል። የትሮትልህን ቀዳዳ በካሊፐር ለካው። 50 ሚሊሜትር ከሆነ አየሩ በሴኮንድ 40 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ይህ ደግሞ ሞተሩን የሚያንቅ ፍጥነት አይደለም።

ሂሳቡን ካላመንክ ጌጅ ይንገርህ። የቫኪዩም ጌጅ ከማኒፎልዱ ጋር አገናኝ፣ አጠገብህ የሚያነብ ሰው አስቀምጥ፣ መኪና የማይበዛበት ዳገት ምረጥና በሁለተኛ ማርሽ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ርገጥ። ዙሩ ከፍ ብሎም ጌጁ ዜሮ አካባቢ ከቆየ ትሮትሉ ጥፋት የለበትም። ከ1 ኢንች ሜርኩሪ በላይ ካሳየ የአየሩን መንገድ ያጠበበ ነገር አለ። እሱም ቢሆን ፊልትሮው ሊሆን ስለሚችል፣ ጌጁን ከትሮትሉ በፊት ባለው ቱቦ ላይ አድርገህ ድገመው። ጌጅ ከሌለህ የኔን ውሰድ።

2. የምንኖርበትን ከፍታ አስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እኛ ዘንድ 76 ገደማ ነው። ሞተርህ ሳይበላሽ ሩብ ያህል አየሩን ያጣው በዚህ ነው፤ ቀዳዳ በማስፋት አይመለስም። እንዲያውም ስስ አየር በትሮትሉ ሲያልፍ የሚያጣው ግፊት ያነሰ ስለሆነ፣ ማስፋት ከቆላው ይልቅ እዚህ ጥቅሙ ያንሳል። ኮምፕሬሽኑን፣ ካንዴላውን፣ የማርሚታውን መዘጋት አስቀድመህ እይ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ጉልበት የሚገኘው እዚያ ነው።

3. በእግርህ ስሜት አትፍረድ። 50 ሚሊሜትሩን በ55 ስትቀይር የቀዳዳው ስፋት 21 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ፔዳሉን ትንሽ ስትነካው ብዙ አየር ይገባል፤ መኪናው የበረታ ይመስልሃል። ሙሉ በሙሉ ስትረግጠው ግን ያው ሞተር ነው። ለሌላ ሰው ስትሠራም፣ ባለመኪናው ገንዘቡን ከፍሎ ጉልበት ጨመረልኝ ብሎ ሲሄድ፣ የተጨመረለት የፔዳል ፍጥነት ብቻ መሆኑን አንተ ልትነግረው ይገባል። በተለይ በጭቃና በዝናብ ቀስ ብሎ መነሳት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይደለም።

4. ለክተህ ካመንክበት ግን እንዲህ ሥራው። የአሮጌውና የአዲሱ ትሮትል የብሎን ቀዳዳ ስለማይገጥም መሃል የሚገባ አዳፕተር ያስፈልግሃል። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ቶርኖ ቤት ወስደህ በአንድ በኩል 55፣ በሌላው 50 አድርገህ፣ መሃሉን ቀስ እያለ እንዲጠብ አስወጣው። ደረጃ መተው የለበትም፤ አየሩ ደረጃው ላይ ሲጋጭ ያተረፍከውን ሁሉ ትከስራለህ። የማኒፎልዱን አፍ በሞረድ ማስፋት ካማረህ ማኒፎልዱን ፍታና አውርደህ ሞርድ፤ ሞተር ላይ እንዳለ አንዲት ብናኝ ብትገባ ሲሊንደሩን ትፍቀዋለች። ጓርኒሲዮን በሁለቱም በኩል አድርግ፣ ሲሊኮን አታብዛ። አዳፕተሩን የሚይዙት ብሎኖች በአየሩ መንገድ በኩል ካሉ የብሎን ማጣበቂያ ቀባቸው፤ ላልቶ የወደቀ ብሎን የሚገባው ሞተር ውስጥ ነው።

5. አሁን ወደ መዝጋቱ እንምጣ፤ ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው። ውስጥ የሚዞረው ክብ ክዳን ሲከፈት ጠርዙ ከትሮትሉ ወጥቶ ወደ አዳፕተሩ ይገባል። የአዳፕተሩ መጥበብ ቶሎ ከጀመረ ክዳኑ ሊነካውና ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅህ ቀስ ብለህ ክፈት፣ ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ የትም ቦታ ሊይዝ አይገባም። ቀጥሎ በፔዳሉ ሞክር፣ ኮፋኖውን ዘግተህም ሞክር። ሞተሩ ሲግል አሉሚኒየም ስለሚሰፋ ከነዳህ በኋላ ድገመው። የመመለሻው ሞላ የደከመ ትሮትል ምንም ያህል ቢረክስ አትግዛ። ካቦውም ትንሽ ልል ይበል፤ ሞተሩ ሲወዛወዝ የተወጠረ ካቦ ራሱ ትሮትሉን ይስባል።

እንደዚያም ሆኖ መንገድ ላይ ተከፍቶ ቢቀር፣ ማርሹን ወደ ዜሮ አውጣና ፍሬኑን በአንድ ጠንካራ ርግጫ ያዝ። ደጋግመህ አትርገጥ፤ ትሮትሉ ወለል ብሎ ሲከፈት ማኒፎልዱ ውስጥ ቫኪዩም አይኖርም፣ የፍሬኑ ማገዣም ቶሎ ባዶ ይሆናል። ቁልፉን የምታጠፋው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ይህንን መኪናውን ለሚነዳ ሁሉ ንገር።

6. ትናንሾቹን አትናቅ። የሚኒሞው ቫልቭ መተላለፊያ ከሌለው ሞተሩ ቀይ መብራት ላይ ይጠፋብሃል። የትሮትሉ ሴንሰር ከአሮጌው ጋር በአንድ አቅጣጫ መዞሩን አረጋግጥ፤ ብዙዎቹ ተዘግተው 0.5 ቮልት አካባቢ፣ ተከፍተው ከ4 በላይ ያሳያሉ። በአሮጌው ትሮትል ውስጥ የሚያልፈው የራዲያተር ውኃ በአዲሱ ማለፊያ ካጣ፣ ሁለቱን ቱቦዎች አገናኛቸው።

7. ካቦ የሌለው፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ትሮትል ያለው መኪና ከመጣልህ አትንካው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይቆጣጠራል፣ ካልተስማማው ጉልበቱን ይቀንሳል።

8. ከገጠምክ በኋላ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሳና ጓርኒሲዮኖቹ ላይ የሳሙና ውኃ ጠብ አድርግ። ውኃው ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር እየገባ ነው፤ ፈትተህ ድገም። አሮጌውን ትሮትል ደግሞ አትሽጠው። አጥበህ ከነብሎኑና ከነጓርኒሲዮኑ ጠቅልለህ አስቀምጠው፣ መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ለባለመኪናው ስጠው፤ አዲሱ ካልተስማማ መመለሻው እሱ ነው።