ሠራተኛ ሲሰናበት፦ ምክንያቱ ቢበቃም ሥርዓቱ ይጠየቃል

«ሠራተኛው ጥፋተኛ እስከሆነ ድረስ ማሰናበት መብቴ ነው» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ከአሠሪው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ በሕግ የታወቀ በቂ ምክንያትና ትክክለኛ ሥርዓት።

ምክንያቱ

አዋጁ በአንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ዘርዝሯል። የአሠሪን ንብረት ወይም ገንዘብ ለግል ጥቅም ማዋልና በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳት ከእነዚህ ይመደባሉ። ማርፈድም ያሰናብታል፤ ነገር ግን በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ መድረስና ሠራተኛው በጽሑፍ የተጠነቀቀ መሆን አለበት። በአንጻሩ የሠራተኛ ማኅበር አባልነት፣ እርግዝና፣ ሃይማኖት ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት ፈጽሞ ምክንያት አይሆኑም።

ሥርዓቱ

በመርካቶ የአንድ አስመጪ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሸቀጥ አውጥቶ ሲሸጥ በኅዳር መጀመሪያ ተደረሰበት እንበል። ሠራተኛው ሽማግሌ ላከ፤ ባለቤቱም ነገሩን በይደር አቆየው። ጥር መጨረሻ ላይ ግን ተናዶ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው።

ጥፋቱ እውነት ነው፤ ስንብቱ ግን ሕገወጥ ነው። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀራል። ስንብቱም ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በሚገልጽ ጽሑፍ መሆን ይገባዋል። ሽምግልና ደግ ነው፤ የሕጉን ቀን ቆጠራ ግን አያቆምም።

ሁሉም ጉድለት እኩል አይመዘንም። ስንብቱ በሌላ በኩል ሕጋዊ ሆኖ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ብቻ ካልተሰጠ፣ አሠሪው የዚያን ጊዜ ደመወዝ ጨምሮ ይከፍላል እንጂ ስንብቱ አይፈርስም።

ሒሳቡ

ሠራተኛው በቀን በአማካይ 200 ብር የሚያገኝ፣ 4 ዓመት ያገለገለና ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው እንበል። ፍርድ ቤቱ በካሣ እንዲሰናበት ቢወስን፦

የ180 ቀን ካሣ፦ 36,000 ብር
የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፦ 12,000 ብር
የሥራ ስንብት ክፍያ፦ 12,000 ብር
ድምር፦ 60,000 ብር

ይህ የ10 ወር ደመወዝ ነው። ወደ ሥራ ይመለስ ከተባለ ደግሞ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ ውሳኔውን ያጸና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እስከ 1 ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል።

ይግባኙ

ሠራተኛው ወደ ሥራ ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ይሁን እንጂ ይግባኝ ሰሚው የሚመረምረው በዋናነት ቀድሞ የቀረበውን ማስረጃ ስለሆነ፣ በሥር ፍርድ ቤት ያልታየ ወረቀት በኋላ ይዞ መምጣት ብዙም አያዋጣም። በደብዳቤው ላይ ስለ ማርፈድ ጽፎ ችሎት ላይ ስለ ስርቆት የሚያወራ አሠሪም ራሱን ያጋልጣል።

ስለዚህ ባለድርጅቶች ጥፋቱ የታወቀበትን ቀን መመዝገብ፣ የሠራተኛውን መልስ በጽሑፍ መቀበል፣ ማስጠንቀቂያዎችን አስፈርሞ ከማኅደሩ ጋር ማያያዝና ደብዳቤውን በጊዜው መስጠት ይጠበቅባቸዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የዘገየም ያፈስሳል።