ደጋፊነት ትምህርት ሲሆን፦ ከበራሪ ጀልባዎች ውድድር የምንማረው



በዚህ የትምህርት ዘመን በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ያላሰብነው ችግር ገጠመን። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ሁለት የ8ኛ ክፍል ልጆች በእግር ኳስ ምክንያት ተኳረፉ። የአንደኛው ቡድን ማታ ተሸነፈ፤ ሌላው በማግሥቱ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ በጓደኞቹ ፊት አሾፈበት። ነገሩ በሁለቱ መካከል አልቀረም። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ አብረው ያጠኑ የነበሩ ልጆች ደብተር መዋዋስ አቆሙ። የክልል ፈተና እየቀረበ ስለ ነበር እኛም ወላጆችም ተጨነቅን።

ምክርና ተግሣጽ ብዙ አልረዳም። በመጨረሻ ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ተመካክረን አንድ ነገር ወሰንን፦ ከልጆቻችን ማንም አስቀድሞ ቡድን ያልያዘበትን ውድድር በክፍል ውስጥ አብረን እንመልከት፤ ከዚያም ስለ ደጋፊነት እንነጋገር። የመረጥነው በበራሪ ጀልባዎች የሚደረገውን የአሜሪካ ዋንጫን ነው። የምንኖረው በጅቡቲ፣ በባሕር ዳር ስለሆነ ጀልባ ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። ከውሃው በላይ የሚበር ጀልባ ግን ማንም አላየም ነበር። ከዚያ ትምህርት የተገኘውን እነሆ ለሁላችሁም እናካፍላለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩ ምንድን ነው?

በ1851 “አሜሪካ” የተባለች ባለ ሸራ ጀልባ ከእንግሊዝ በስተደቡብ ባለችው በዋይት ደሴት ዙሪያ ከእንግሊዞች ጀልባዎች ጋር ተወዳድራ አሸነፈች። የተሸለመችው ከብር የተሠራ ማንቆርቆሪያ መሰል ዋንጫ እስከ ዛሬ ድረስ የውድድሩ ሽልማት ነው። ስለዚህ ዋንጫው ስሙን ያገኘው ከአገሪቱ ሳይሆን ከጀልባዋ ነው። የኒውዮርክ የጀልባ ክለብ ዋንጫውን ለ132 ዓመታት ይዞ ቆይቶ በ1983 በአውስትራሊያ ተሸነፈ።

ደንቡ ከእግር ኳስ ውድድር ይለያል። ዋንጫውን የያዘው ቡድን ይጠብቃል፤ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ፤ ከነርሱ ያሸነፈው አንድ ቡድን ብቻ ከባለ ዋንጫው ጋር ይገጥማል። በፍጻሜው ሁለት ጀልባዎች ደጋግመው ይወዳደራሉ፤ የተወሰነውን ነጥብ ቀድሞ የሞላ ዋንጫውን ይወስዳል።

አገራችን ኢትዮጵያ ባሕር የላትምና ልጆቻችንን በጣም ያስደነቃቸው የስዊዘርላንድ ታሪክ ነበር። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም፤ ሐይቅ ግን አላት። በ2003 የስዊዘርላንድ ቡድን ኒውዚላንድን በገዛ አገሯ 5 ለ 0 አሸነፈ። ዋንጫውን ለመከላከል የራሱ ባሕር ስለሌለው በ2007 ውድድሩን በስፔን፣ በቫሌንሲያ ከተማ አካሄደ፤ ዳግመኛም አሸነፈ።

ጀልባው እንዴት ይበርራል?

ጀልባን የሚያዘገየው ዋናው ነገር ውሃው ነው። የውሃ እፍግታ ከአየር እፍግታ 800 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በመዋኛ ውስጥ ለመሮጥ የሞከረ ልጅ ይህን ያውቃል። በራሪዎቹ ጀልባዎች ከሥራቸው ፎይል የሚባሉ ትንንሽ ክንፎች አሏቸው። ጀልባው ፍጥነት ሲጨምር ውሃው በክንፉ ላይና ታች ሲያልፍ ክንፉን ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል። የአውሮፕላን ክንፍ በአየር የሚያደርገውን ይህ ክንፍ በውሃ ያደርጋል። ውሃ እፍግታው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ክንፍ ትልቅ ጀልባ ለማንሣት ይበቃል። አካሉ ከውሃው ሲወጣ ውሃ ውስጥ የሚቀሩት ክንፎቹና መሪው ብቻ ናቸው፤ መጎተቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱም በድንገት ይጨምራል።

ልጆቹ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ “ነፋስ የሚገፋው ጀልባ እንዴት ከነፋሱ ይፈጥናል?” መልሱን በብስክሌት እናገኛለን። ነፋስ በሌለበት ቀን በብስክሌት በፍጥነት ስትሄዱ ነፋስ ፊታችሁን ይመታል። ይህን ነፋስ የፈጠረው የእናንተው ፍጥነት ነው። ጀልባውም ነፋሱን ወደ ጎን ሲያቋርጥ ሸራው የሚያገኘው እውነተኛውን ነፋስና በራሱ ፍጥነት የተፈጠረውን ነፋስ አንድ ላይ ነው። በ2013 ውድድር ላይ የነበሩት ጀልባዎች 22 ሜትር ርዝመት ነበራቸው፤ አሥራ አንድ ሰው ይጫንባቸዋል፤ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠሩት በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር አልፈዋል።

ተመልካቹ ምን ያያል?

ድሮ ይህን ውድድር መከታተል ለተራ ሰው ከባድ ነበር። ባለ ሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ ፊት መሄድ አይችልም፤ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ነው የሚጓዘው። ሁለቱ ጀልባዎች ተራርቀው ሲሄዱ ማን እንደሚመራ ከሩቅ ማወቅ አይቻልም ነበር።

በ2013 ሁለት ነገር ተለወጠ። ውድድሩ በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ውስጥ፣ በከተማዋ ዳርቻ ተካሄደ፤ ሕዝቡ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ማየት ቻለ። በቴሌቪዥን ለሚመለከተው ደግሞ የጀልባዎቹን ቦታ ከሳተላይት በሚገኝ መረጃ በመለካት በውሃው ላይ መስመር የሚሥል ዘዴ ተዘጋጀ። ድንበሩ፣ መነሻው፣ በጀልባዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ታየ። ባሕርን የማያውቅ ሰው እንኳን ማን እንደቀደመ ገባው። ደንቡና ልኬቱ ሲገባን ውድድሩን የበለጠ እንወደዋለን፤ “ተበደልን” ማለታችንም ይቀንሳል።

8 ለ 1፦ የሳን ፍራንሲስኮው ሳምንት

በክፍል ውስጥ ዕጣ አወጣን። ግማሹ ክፍል የኒውዚላንድ፣ ግማሹ የአሜሪካው ቡድን ደጋፊ ሆነ። ከሁለቱ ከተኳረፉት ልጆች አንደኛው ለኒውዚላንድ፣ ሌላው ለአሜሪካ ደረሰ።

ለማሸነፍ 9 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። የአሜሪካው ቡድን ግን ቀደም ባለ ውድድር በጀልባዎቹ ላይ ከደንብ ውጭ ለውጥ ተደርጎ ስለተገኘ 2 ነጥብ ተቀንሶበት ጀመረ፤ ስለዚህ 11 ጊዜ ማሸነፍ ነበረበት። መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ በ18ኛው ቀን፣ ኒውዚላንድ 8 ለ 1 መራች። አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት።

በመስከረም 20 ኒውዚላንድ በደካማ ነፋስ ርቃ እየመራች ሳለ ለአንድ ውድድር የተወሰነው 40 ደቂቃ አለቀ። ውድድሩ ተሰረዘ። የክፍላችን የኒውዚላንድ ደጋፊዎች “ተዘረፍን!” ብለው ጮኹ። መምህራችን ቴሌቪዥኑን አቁመው አንድ ነገር ጠየቁ፦ “ደንቡ የተጻፈው መቼ ነው? ከውድድሩ በፊት ወይስ በኋላ?” በፊት ነው። ሁለቱም ቡድን አውቆትና ተቀብሎት ነው የጀመረው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

የአሜሪካው ቡድን ግን በዕድል ብቻ አላሸነፈም። ሽንፈት ሲበዛበት የስልት አማካሪውን ቀይሮ እንግሊዛዊውን ቤን ኤይንስሊን አስገባ፤ በየሌሊቱ ጀልባውን እየነካካ አሻሻለ፤ ወደ ነፋሱ ሲጓዝም መብረርን ተማረ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንደሚባለው ስምንት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ በመስከረም 25 ዋንጫውን 9 ለ 8 ወሰደ።

ከዚህ ጋር መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በዚያው ዓመት በግንቦት 9 ቀን የስዊድኑ ቡድን ጀልባ በልምምድ ላይ ተገልብጦ የኦሎምፒክ ሻምፒዮኑ አንድሩ ሲምፕሰን ሞተ። ከዚያ በኋላ የጥንቃቄ ደንብ ጠበቀ፤ ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ውድድር እንዲቆም ተደረገ። ደጋፊ ውድድር ሲዘገይ ይበሳጫል፤ ከዚያ ደንብ በስተጀርባ ግን የሰው ሕይወት አለ።

ደጋፊነት መስመር ሲያልፍ

የኒውዚላንድ ደጋፊዎች ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። በ1995 የቡድኑ መሪ ፒተር ብሌክ ቀይ ካልሲ አድርጎ ይወዳደር ነበር። የአገሩ ሰው ቀይ ካልሲ ገዝቶ አደረገ፤ ከሽያጩ የተገኘውም ቡድኑን ረዳ። በዚያ ዓመት ኒውዚላንድ 5 ለ 0 አሸነፈች። ይህ መልካሙ ገጽ ነው።

በ2003 ግን ዋንጫውን ቀደም ሲል ለኒውዚላንድ ያስገኙት ራስል ኩትስና አንዳንድ ባልደረቦቹ ለስዊዘርላንድ ቡድን ተቀጥረው መጡ። በነርሱ ላይ የተቃውሞ ዘመቻ ተነሣ፤ ለቡድኑ አባላት ቤተሰቦች የማስፈራሪያ ደብዳቤ እስከ መላክ ተደረሰ። ጀልባ ያልነዱ ልጆችና ሚስቶች ምን በደሉ? ለአገርና ለቡድን ያለ ፍቅር ወደ ጥላቻ ሲዞር የሚጎዳው ሁልጊዜ በጨዋታው ውስጥ የሌለውን ሰው ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በጥር 2021 በኦክላንድ የአሜሪካው ቡድን ጀልባ ተገልብጦ ውሃ ሞላውና ሊሰምጥ ሲል ተቀናቃኞቹ ቡድኖች ጀልባቸውንና ሰዎቻቸውን ልከው አዳኑት። በማግሥቱ ሊያሸንፉት የሚፈልጉትን ቡድን ነው ያዳኑት።

ከዚህ ምን እንያዝ?

ኒውዚላንድ ከ2013ቱ ሽንፈት በኋላ አልተበተነችም። በ2017 በቤርሙዳ በግማሽ ፍጻሜው ጀልባዋ ተገለበጠ፤ ተጠግኖ ተመለሰ፤ በመጨረሻም ያንኑ የአሜሪካ ቡድን 7 ለ 1 አሸነፈች። በ2021ና በ2024ም ዋንጫውን አላስነጠቀችም። በ2013 ያዘነው ደጋፊ በ2017 የኦክላንድን ጎዳና ሞልቶ ቡድኑን ተቀበለ።

ያ ሳምንት በክፍላችን ሲያልቅ የኒውዚላንድ ዕጣ የደረሰው ልጅ አቀርቅሮ ዝም አለ። ሁላችንም ሌላኛውን ተመለከትን። ልጁ አላሾፈም። “ለካ ስምንት ጊዜ አሸንፎም መሸነፍ አለ” አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። በዚያው ዕለት ታረቁ ብንል እንዋሻለን። ነገር ግን በፈተናው ሰሞን ሁለቱም በአንድ የሒሳብ መጽሐፍ ላይ ጎንበስ ብለው አየናቸው። ለእኛ ይህ ከዋንጫ ይበልጣል።

ወላጆች፣ ልጆች መሳደብን ከቴሌቪዥኑ ብቻ አይማሩም፤ እኛ አዋቂዎች ጨዋታ ስናይ የምንናገረውንም ይሰማሉ። መምህራን ጭምር ከዚህ ነፃ አይደለንም። ስለዚህ በመጪው ዓመት በቤትም በትምህርት ቤትም ለቡድናችን እንጩህ፤ የተሸነፈውን ግን አንስደብ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአሜሪካው ቡድን 11 ጊዜ አሸንፎ ውጤቱ 9 ለ 8 የሆነው ለምንድን ነው?
2. ትንሽ ክንፍ በውሃ ውስጥ ትልቅ ጀልባ ማንሣት የቻለው ለምንድን ነው? እፍግታ ከሚለው ቃል ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።
3. አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 50 የባሕር ማይል የሚሄድ ጀልባ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል?
4. የ40 ደቂቃው ደንብ ፍትሐዊ ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት።
5. የምትደግፉት ቡድን ሲሸነፍ ከጓደኛችሁ ምን ብትሰሙ ደስ ይላችኋል? ለመጪው ዓመት የክፍላችሁን የደጋፊዎች ደንብ በአምስት መስመር ጻፉ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።