አነስተኛ የአሸዋ ድንጋይ ካባን ስለ ማቀድ

የአሸዋ ድንጋይ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ ድንጋይ ነው። የገርዓልታ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ሲሆን፣ በአምቦ አካባቢ የሚወጣውም በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ይታያል። ለግቢ ማሳመሪያም፣ ማለት ለመንገድ ንጣፍ፣ ለደረጃ፣ ለአትክልት ቦታ ጠርዝና ለድጋፍ ግንብ ተስማሚ ነው። ስለሆነም በመጠነኛ ገንዘብ ካባ ለመክፈት የሚያስብ ነጋዴ አይጠፋም። ነገር ግን ድንጋዩ ሞልቶለት ሳለ፣ አስቀድሞ ባለማስላቱ ብቻ ሊከስር እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ቦታውን ስለ መመርመር

በመጀመሪያ በልዩ ልዩ ስፍራ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ ሁለት ነገር መለካት ያስፈልጋል፤ ይኸውም በላይ ያለው አፈር ምን ያህል ውፍረት እንዳለውና ከሥሩ ያለው ደህና ድንጋይ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው። ድንጋዩ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ መሆኑ ይጠረጠራል። ቁራሹንም ውኃ ውስጥ አሳድሮ መፈርፈር አለመፈርፈሩን ማየት ቀላል ፈተና ነው። ንብርብሩ ወደ ጉድጓዱ ያዘነበለ እንደሆነ ገበታው ተንሸራቶ በሠራተኛው ላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ የቁፋሮው አቅጣጫ በዚሁ መሠረት ይወሰናል።

2ኛ፤ ስለ ስሌት

ለምሳሌ 50 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ወርድ ያለው ቦታ ቢኖር፣ የላዩ አፈር 1 ሜትር ተኩል፣ ድንጋዩም 3 ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ የሚነሣው አፈር 1,500 ሜትር ኩብ፣ ድንጋዩ ደግሞ 3,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዚህ ድንጋይ ከመቶው 40 እጅ ብቻ ለሽያጭ ቢበቃ፣ የሚሸጠው 1,200 ሜትር ኩብ ነው። በየቀኑ 5 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ካባ ይህን በ240 የሥራ ቀን ይጨርሰዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የቀረውን ነው። የተቆፈረ አፈር ከመቶ 25 እጅ ያህል፣ የተሰባበረ ድንጋይም ከመቶ 50 እጅ ያህል ይነፋል። ስለዚህ አፈሩ 1,875፣ ውዳቂው ድንጋይ ደግሞ 2,700፣ በድምሩ 4,575 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ክምር 3 ሜትር ከፍታ ቢሰጠው እንኳ ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ ይይዛል፤ ይህም ከካባው ከራሱ ስፋት ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያላሰበ ሰው ውዳቂውን ገና ባልወጣው ድንጋይ ላይ ይደፋውና፣ በኋላ እንደገና ለማንሣት ሁለተኛ ደመወዝ ይከፍላል።

3ኛ፤ ቁፋሮውን በተራ ስለ ማድረግ

መድኃኒቱ ቦታውን ባለ 10 ሜትር አምስት ክፍል አድርጎ በተራ መቆፈር ነው። የመጀመሪያዎቹ የሁለት ክፍሎች ውዳቂ፣ ማለት 1,830 ሜትር ኩብ፣ ወደ ውጭ ይከመራል። የሦስተኛው ውዳቂ ወደ አንደኛው ባዶ፣ የአራተኛው ወደ ሁለተኛው፣ የአምስተኛውም ወደ ሦስተኛው ይገባል። እንዲህ ሲሆን ለሠራተኞች ሁልጊዜ አንድ ባዶ ክፍል ይተርፋል። በመጨረሻም ውጭ የተከመረው ወደ አራተኛውና ወደ አምስተኛው ይመለሳል። ጥቁሩ የላይ አፈር ከመጀመሪያው ለብቻው ተከምሮ ከቆየ፣ በላዩ ተመልሶ ሲለብስ መሬቱ እንደገና ለግጦሽ ወይም ለተክል ይበቃል።

4ኛ፤ ስለ መለየትና ስለ መሸጥ

ከትልቁ ትንሽ ይገኛል፤ ከትንሹ ግን ትልቅ አይገኝም። ስለዚህ ሰፊውን ገበታ በችኮላ መሰባበር ትርፍን መሰባበር ነው። ገበታው በንብርብሩ መካከል በሽብልቅና በድጅኖ በጥንቃቄ ሲለያይ፣ ሰፊው ለንጣፍና ለደረጃ፣ ጠባቡ ለግንብ፣ ፍርፋሪውም ለመሙያ ይሆናል። ከ1 ሜትር ኩብ ደህና ድንጋይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ቢወጣ፣ ያለ ጉድለት 20 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ግንብ የሚሠራውም ሰው ድንጋዩን በተፈጥሮ እንደተነባበረ አጋድሞ እንዲያኖረው ሊነገረው ይገባል፤ አቁሞ ቢያኖረው ፊቱ እየተላጠ ይሄዳል።

ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በልክ ነው። በመኪና ላይ 6 ሜትር ኩብ ሆኖ የሚታይ ጭነት፣ በመካከሉ ያለው ክፍተት ሲቀነስ ጥጥር ድንጋዩ 4 ሜትር ኩብ፣ ክብደቱም 9 ቶን ገደማ ነው። ሻጭና ገዢ በሚዛን ወይስ በተደረደረ ልክ እንደሚተማመኑ አስቀድመው በጽሑፍ ቢዋዋሉ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ቋሚ ወጪም አይረሳ። የወሩ ቋሚ ወጪ 60,000 ብር ነው ቢባል፣ በበጋ 100 ሜትር ኩብ ሲሸጥ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 600 ብር ነው፤ በክረምት 30 ብቻ ቢሸጥ ግን 2,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ በበጋ አውጥቶ ለክረምት ማከማቸትና ዋጋንም በዓመቱ አማካይ መተመን ብልኅነት ነው።

5ኛ፤ ስለ ሠራተኞች ጤና

የአሸዋ ድንጋይ ብናኝ ሲሊካ የሚባለውን ማዕድን ይዟል። ይህ ረቂቅ ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ሳንባን ያጠጥራል፤ በሽታውም ፈውስ የለውም። ድንጋይ በመኪና ሲቆረጥ ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥ፣ ጠራቢዎችን ብናኙ ከሚነፍስበት ወገን ማራቅና ለብናኝ የተሠራ መሸፈኛ መስጠት ግዴታ ነው፤ ነጠላን በአፍንጫ ላይ መጠምጠም አይበቃም። የካባውንም ግርጌ ወደ ውስጥ እየቦረቦሩ ላዩን አንጠልጥሎ መተው ሞትን መጋበዝ ነው።

6ኛ፤ ስለ ፈቃድ

ከገበሬ ጋር ስለ መሬቱ መስማማት ብቻ ድንጋዩን የማውጣት መብት አይሰጥም፤ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 የሥራ ፈቃድ ማግኘትን ያስገድዳል። ስለዚህ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ወደ ክልሉ የማዕድን መሥሪያ ቤት መቅረብና ፈቃዱን መጨበጥ፣ ለመሬቱ ባለይዞታ የሚገባውን ካሣና መሬቱን መልሶ የማልበሻውን ወጪም ከመጀመሪያው በሒሳቡ ውስጥ ማግባት ይገባል።

በጠቅላላው የካባ ሥራ ከመዶሻ በፊት እርሳስ የሚሻ ሥራ ነው። አፈሩን፣ ድንጋዩን፣ ውዳቂውንና ክረምቱን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያሰላ ነጋዴ፣ ሥራው አዋጭ ባይሆን እንኳ የሚከስረው የጥቂት ጉድጓዶችን ወጪ ብቻ ነው።