«ተስማምቶ ነው» ማለት ይበቃልን?



በደብረ ማርቆስ ማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው፣ አካፋና ዶማ ይዘው ቀጣሪ የሚጠባበቁ ወጣቶችን ያያል። ከጎዛምን፣ ከስናንና ከማቻከል ገጠር የመጡ ይገኙባቸዋል። ወንድሞቻቸውም ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ሲወርዱ ኖረዋል። ቀጣሪው ዋጋ ይጠራል፤ አንዱ እንቢ ቢል ከኋላው የቆመው እሺ ይላል። ረፋዱ ላይ ደግሞ እንቢ ያለው ራሱ ማለዳ የናቀውን ዋጋ ይመኛል። ቀጣሪውም «አላስገደድሁትም፤ ተስማምቶ ነው» ይላል። ይህን ቃል ከምእመናን አፍ ጭምር ደጋግመን ሰምተነዋል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የመለሱት ይህንኑ ቃል ነው። ሠራተኛና አሠሪ በነጻነት መዋዋላቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከውሉ በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ አለ ብለው ያስተምራሉ። ደመወዙ በቁጠባ የሚኖረውን ሠራተኛ ለማኖር ሊበቃ ይገባል። ችግር አስገድዶት ከዚህ ያነሰውን የተቀበለ ሰው ግፍ ተፈጽሞበታል እንጂ አልተስማማም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ በ2025 እ.ኤ.አ. ስማቸውን ሲመርጡ ይህን መልእክት በማሰብ እንደ ሆነ ራሳቸው ገልጸዋል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተጻፈውን የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ብዙ ጊዜ ስለ ጸጋ እናስተምርበታለን፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን በአሥራ አንደኛው ሰዓት የተገኙት ሥራ ፈት የሆኑት የሚቀጥራቸው አጥተው እንጂ ሰንፈው አልነበረም። ጌታውም አንድ ዲናር፣ ማለትም የተለመደውን የቀን ደመወዝ፣ ሰጣቸው። እነርሱም በዚያ ምሽት እራት ያስፈልጋቸው ነበርና።

ወደ ሀገራችን ሕግ ስንመለስ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲያሻሽል ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ከዚያ ወዲህ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ደጋግሞ ጠይቋል። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ከሥራ ግብር ነጻ የሆነው ገቢም በ2017 ዓ.ም. ከ600 ወደ 2,000 ብር አድጓል። መልካም ነው፤ ሆኖም የመንግሥት ሠራተኛው ያገኘው ወለል የግል ድርጅት ሠራተኛውን አይመለከትም።

ወለሉ ከፍ ቢል ቀጣሪ ሠራተኛ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ቦርዱ ተጠንቅቆ በጥናት እንዲወስን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከዚህ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። አዋጁ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አሥር አባላትን ይጠይቃል፤ በየማለዳው አሠሪ የሚለውጥ የቀን ሠራተኛ ከማን ጋር ይቆጠራል?

የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ በዚሁ አዋጅ ለሌላ ደንብ የተተወ ነው። በዚህ ቀጣሪው ነጋዴ ወይም ባለ ፋብሪካ አይደለም፤ እኛው ነን። «እንደ ልጃችን ናት» እንላለን፤ ልጃችን ግን ጠዋት ደብተሯን ይዛ ትወጣለች፣ እርሷ እንጀራ ትጋግራለች።

ካተኪስቶች ዘዳግም 24፥14-15ንና ያዕቆብ 5፥4ን ካስነበቡ በኋላ በዚህ ላይ እንዲያወያዩ እንጠይቃለን፦ በቤታችን የምታገለግለውን ልጅ ደመወዝ በእጇ የሚቀበለው ማን ነው፣ እርሷ ወይስ ያመጣት ዘመድ? በወሩ መጨረሻ ምን ይተርፋታል? የዕረፍት ቀኗስ መቼ ነው?