ራዳርና ሶናር፦ ረጅም ሞገድ ይሻላል ወይስ አጭር?

የሞገድን ቀመር ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘነዋል። «ምን ይሠራል?» ስንባል ግን ዝም እንላለን። ስለዚህ የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ቀመሩ በመርከብና በአውሮፕላን ላይ የሚሠራውን ሥራ ያሳያችኋል።

ራዳርም ሶናርም የሚሠሩት እንደ ገደል ማሚቶ ነው። ገደል ፊት ቆመን ብንጮህ ድምፃችን ገደሉን ነክቶ ይመለሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ማሚቶው ከ2 ሰከንድ በኋላ ከተሰማን ድምፁ 680 ሜትር ተጉዟል። ይህ ግን የደርሶ መልስ ነው፤ ለ2 ስናካፍለው ገደሉ 340 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ራዳር ይህንኑ በራዲዮ ሞገድ፣ ሶናር ደግሞ በድምፅ ይሠራል።

«ታዲያ ለምን ሁለት አስፈለገ?» ትሉ ይሆናል። የራዲዮ ሞገድ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጨዋማ የባሕር ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል። ድምፅ ደግሞ በውኃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር እየተጓዘ ሩቅ ይደርሳል። ስለዚህ ሰማዩ የራዳር፣ ባሕሩ የሶናር ነው።

አሁን ወደ ቀመሩ እንምጣ፦

ፍጥነት = ድግግሞሽ × የሞገድ ርዝመት

ድግግሞሽ በአንድ ሰከንድ ስንት ሞገድ እንደሚያልፍ ይነግረናል፤ መለኪያው ሄርዝ ነው። የሞገድ ርዝመት ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለው ርቀት ነው። ፍጥነቱ ካልተለወጠ ድግግሞሹ ሲጨምር ርዝመቱ ያጥራል።

ርዝመቱ ለምን ያስጨንቀናል? ሐይቅ ዳር ያለ ሸምበቆ አስቡ። ትልቅ ሞገድ ሲመጣ ሸምበቆውን እንደሌለ ቆጥሮ አልፎት ይሄዳል። ትልቅ ቋጥኝ ሲያገኝ ግን ተመትቶ ይመለሳል። ራዳርና ሶናርም እንዲሁ ናቸው፤ ከሞገዱ ርዝመት በጣም የሚያንስ ነገር የሚመልሰው ማሚቶ እጅግ ደካማ ነው። ትንሽ ነገር ለማየት አጭር ሞገድ ያስፈልጋል። የሌሊት ወፍ ይህን ታውቅበታለች! 50,000 ሄርዝ ድምፅ ብታወጣ የሞገዱ ርዝመት 340 ÷ 50,000 = 0.0068 ሜትር፣ ማለትም 7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በጨለማ ትንንሽ ነፍሳትን የምትይዘው በዚህ ነው። እኛ ግን ከ20,000 ሄርዝ በላይ ስለማንሰማ ጩኸቷ አይሰማንም።

ይህ ነገር የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. ታይታኒክ መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ 1,500 ያህል ሰው አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሬጂናልድ ፌሰንደን የተባለ የፈጠራ ሰው 540 ሄርዝ ድምፅ ወደ ባሕር ልኮ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ የበረዶ ተራራ ማሚቶ ተቀበለ። የሞገዱ ርዝመት ወደ 3 ሜትር ይጠጋ ነበር፤ ለተራራ ይበቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ መፈለግ ሲመጣ ግን ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቫን ወደ 40,000 ሄርዝ አካባቢ ከፍ አደረገው። ሞገዱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስቦ መላክ ተቻለ።

ራዳርም እንዲሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ራዳር ሞገድ ርዝመቱ ከ10 ሜትር በላይ ስለነበር ከ100 ሜትር የሚበልጡ የብረት ማማዎች ያስፈልጉት ነበር። አውሮፕላን ከሩቅ ያያል፤ ግን ይህን ማማ ማን አውሮፕላን ላይ ይጭነዋል? በ1940 እ.ኤ.አ. ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ኃይለኛ ሞገድ የሚያመነጭ ማግኔትሮን ሠሩ። ሞገዱ ሲያጥር አንቴናውም አነሰ፤ ራዳሩን አውሮፕላን ላይ መጫን ቀለለ፣ ውኃ ላይ ብቅ ያለ ሰርጓጅ መርከብም መደበቂያ አጣ።

«እንግዲያው ሁልጊዜ አጭር ሞገድ ይሻላላ!» እንዳትሉ። ነገሩ ዋጋ አለው። በውኃ ውስጥ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ቶሎ ይደክማል። የዓሣ አጥማጆች ሶናር በ200,000 ሄርዝ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ጥልቅ ቦታ ለመድረስ ግን 50,000 ሄርዝ ይሻላል። የአየር ሁኔታ ራዳርም በ3 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ቢሠራ ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል፤ 10 ሴንቲ ሜትሩ ግን ዝናቡን አልፎ ከኋላው ያለውን ያያል። ስለዚህ የርዕሳችን መልስ «እንደ ሥራው ነው» የሚል ነው። ለሩቅ ረጅሙን፣ ለጥራት አጭሩን።

እስቲ እናንተም ሞክሩት፦ አንድ ጀልባ 50,000 ሄርዝ ድምፅ ወደ ባሕር ወለል ላከች፤ ማሚቶው በ0.2 ሰከንድ ተመለሰ። ሀ) የባሕሩ ጥልቀት ስንት ነው? ለ) የሞገዱ ርዝመትስ?

መልሱን ከማየታችሁ በፊት ደብተር ላይ ሥሩ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

መልስ፦ ሀ) 1,500 × 0.2 ÷ 2 = 150 ሜትር። ለ) 1,500 ÷ 50,000 = 0.03 ሜትር ወይም 3 ሴንቲ ሜትር። ለ2 ማካፈል የረሳ ካለ ድምፁ ደርሶ መልስ መሄዱን ያስታውስ!